የባለስፒከሩ የአቶ ቀናው በለው የዘገየ አቤት

አቶ ቀናው በለው ከአባታቸው ከአቶ በለው ንጋቱና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዘነቡ ወልደየስ ጥር 18 ቀን 1945 ዓ.ም. አቃቂ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ተወለዱ። አባታቸው የሐዲድ ሠራተኛ ነበሩ። ቀናው በሕፃንነታቸው ጆሯቸውን ሐዲዱ ላይ ደፍተው፣ ገና ያልታየውን ባቡር «መጣ» ይሉ ነበር ይባላል። ለዚህም ከእናታቸው ጥፊ ቀምሰዋል። እኚሁ እናት አንድ ምክር አውርሰዋቸዋል፤ «የጠራህን ሰው ሳታየው አቤት አትበል፣ ሞትም ስም ያውቃል» የሚል።

እስከ አሥረኛ ክፍል እዚያው አቃቂ ተምረው፣ የኤሌክትሪክ ሙያ ሠልጥነው፣ ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለሠላሳ ዓመት አገልግለዋል። ከማሽን ጩኸት ሲወጡ ሌላው ሰው ጸጥታ ይፈልጋል። እሳቸው ግን ድምፅ ፍለጋ ይዞሩ ነበር። ከተዘጋ ክበብ፣ አገሩ ከሚመለስ የውጭ ሰው፣ ባለቤቱ ከሞተበት ቤት ያረጁ ትልልቅ ስፒከሮችን እየገዙ ያድሱ ነበር። ስፖንጁ የተበላውን ይቀይራሉ፣ የተቀደደውን ወረቀት ይለጥፋሉ፣ እንጨቱን በዘይት ያሻሉ። የሞተ ሰው ንብረት የሆነን ሳጥን ከመክፈታቸው በፊት ግን በጣታቸው ቆርቆር አድርገው «ቤቶች!» ሳይሉ አይፈቱትም። ጓደኞቻቸው ይሥቁባቸው ነበር። እሳቸው አይሥቁም።

በ1972 ዓ.ም. ከወ/ሮ አሰጋሽ ታደገ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሀብተሚካኤልንና ሮዳስን ወልደዋል። ወ/ሮ አሰጋሽ በ1984 ዓ.ም. ድሬዳዋ ለሚኖሩት እኅታቸው ለወ/ሮ ብዙወርቅ እንደ ዘመኑ ልማድ በካሴት ደብዳቤ ቀዱ። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ በርበሬው ሁሉ ተናግረው ሲያበቁ፣ «ቀናው! ና እንጂ፣ ሰላም በላት!» ብለው ተጣሩ። አቶ ቀናው ጓዳ ስፒከር እየሞከሩ ስለነበር አልሰሙም። ወ/ሮ አሰጋሽም «ያንተ ሰላምታ ሳይገባበትማ አይላክም» ብለው ካሴቱን መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ነገ ዛሬ ሲባል እዚያው ሃያ ዓመት አለፈው።

ኅዳር 2005 ዓ.ም. ወ/ሮ አሰጋሽ በድንገት ዐረፉ። ያን ዕለት ጎረቤታቸው ወ/ሮ ሰዓደት በግድግዳው በኩል «ቀናው» የሚል ድምፅ ሦስት ጊዜ ሰምተዋል። አቶ ቀናው ግን ያው ጓዳቸው ውስጥ ስፒከር ከፍ አድርገው ነበር። ይህን ለመጻፍ ይከብዳል፤ እሳቸው ግን ራሳቸው ለጠየቃቸው ሁሉ ይናገሩት ነበርና እዚህም ሊነገር ይገባል።

ከአርባው በኋላ ከሳሪስ አቦ፣ ባለቤቱ ከሞተበት ቤት፣ ወገብ ድረስ የሚደርሱ ሁለት ስፒከሮች ገዝተው አደሱ። ያንን ካሴትም በእነሱ ከፈቱት። በሐዘን ተይዘው ኖሮ፣ በሕይወታቸው ሠርተውት የማያውቁትን ስሕተት ሠሩ፤ የአንዱን ቀይና ጥቁር ሽቦ አቀያይረው አሰሩት። እንዲህ ሲሆን ሁለቱ ስፒከሮች ይጣላሉ፤ ፊት ለፊት መሐል ላይ መቆም የሚገባው ድምፅ ቦታ አጥቶ ከኋላ የመጣ ይመስላል።

የሙያ ጓደኛቸው አቶ ኤባ ዲንቄ ገና አንድ ደቂቃ እንደሰሙ፣ «ቀናው፣ አንዱን አዙረህ ነው እኮ ያሰርከው። ይሄ አንተን ጠፍቶህ ነው?» አሏቸው።

«አውቄዋለሁ፤ ተወው» አሉ አቶ ቀናው። «ካስተካከልኩት ፊት ለፊቴ ካሴት ትሆናለች። አሁን ግን ከኋላዬ ቆማለች።»

ከዚያ ወዲህ ዘወትር እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወንበራቸውን ስፒከሮቹ ፊት አድርገው ካሴቱን ያዳምጡ ነበር። ጥሪው ሲደርስ የወንበሩን ክንድ ጨምድደው ይይዛሉ። የእናታቸውን ምክር አክብረው ዞር አይሉም፣ አቤትም አይሉም። ሁለት ጊዜ ሳይሰሙ ዝም ላሏቸው ሴት እየሰሙ ዝም ማለት ምን ያህል እንደሚያንገበግባቸው ልጃቸው ሮዳስ በበሩ በኩል ታይ ነበር።

መስከረም 2014 ዓ.ም. በልብ ሕመም ሁለት ሳምንት ሆስፒታል ተኙ። ሲመለሱ መጀመሪያ የከፈቱት ካሴቱን ነው። ሮዳስ «አባዬ፣ አሁንም ከኋላ ነው የምትሰማህ?» ብትላቸው፣ «አዎ ልጄ። እንዲያውም ቀርባለች» አሏት። ከዚያም በየወሩ «ቀረበች» ይሉ ነበር። በመጨረሻ «ትንፋሿ አንገቴ ላይ ነው» ሲሉ ሮዳስ የመድኃኒቱ ነገር መስሏት ሐኪም ጠየቀች።

እሑድ ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ረፋድ ላይ ሮዳስ ማዕድ ቤት ሳለች የእናቷ ጥሪ እንደወትሮው ተሰማ። ተከትሎ የአባቷ ድምፅ «አቤት! መጣሁ!» አለ። ሮጣ ስትገባ አቶ ቀናው በሰባ ሁለት ዓመታቸው ዐርፈዋል። ወንበራቸውን አዙረው፣ ስፒከሮቹን ከኋላ ትተው፣ ፊታቸውን ወደ ባዶው ግድግዳ መልሰው ነበር። ፊታቸው እንግዳ የሚቀበል ሰው ፊት ነበር።

ትናንት ለቅሶ ቤት አቶ ኤባ ሮዳስን ወደ ጎን ጠርተው አለቀሱ። «ልጄ፣ ይቅር በይኝ። ያኔ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ ጤናው አሳስቦኝ ሽቦውን እኔ አስተካክዬዋለሁ። ይኸው አራት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ድምፁ ከፊት ነው የሚወጣው» አሏት።

ሮዳስ የአንዱን ስፒከር ጀርባ ከፍታ አየች። ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር ታስሯል፤ አቧራም ለብሷል። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ካሴቱን ከፈተችው። እናቷ ከፊት፣ ከመሐል፣ ጥርት ብለው ስለ በርበሬው ያወራሉ። ጥሪው ሳይደርስ አጠፋችው።

አቶ ቀናው የሁለት ልጆች አባትና የሦስት ልጆች አያት ነበሩ። ካሴቱ ከድሬዳዋ ለቀብር ለመጡት፣ ያኔ ለተቀዳላቸው ለወ/ሮ ብዙወርቅ ተሰጥቷል። ሰላምታው ዛሬም የለበትም።

አምላክ የአቶ ቀናውን ነፍስ በወ/ሮ አሰጋሽ አጠገብ ያሳርፍልን። የጠሯቸውም ወ/ሮ አሰጋሽ ራሳቸው ይሁኑ። አሜን።