የምጽዋ ጨው በተዝካርሽ ወጥ

ውብዳር፣ ውብዬ፣

እንደምን አለሽ እንዳልልሽ ያለሽበትን አላውቅም። ከዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን ወዲህ አልተያየንም፤ ክረምቱ ገብቶ ወጣ፣ ጤፍሽም አሸተ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ በቅሎዋን ውሃ አጠጣለሁ ማለቴ ነው። ሌላ የሚሰማኝ ነገር የለም። በልጅነቴ ደብረ ወርቅ የቆጠርኳት ፊደል ለዚህ ትሆነኛለች ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ቤቱ እንዳለ ነው። ቀይዋ ላም ወለደች፣ ወንድ ጥጃ ነው። ልጃችን ይታይሽ ከባሏ ቤት እየተመላለሰች ታበስልልኛለች፤ ስታበስል ልክ እንዳንቺ ታጉረመርማለች። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ምሽጉን ይዞ ተቀምጧል፣ አርበኞቹም ዱሩን ይዘዋል፤ እኛ መሐል ላይ ሆነን እናርሳለን።

ምጽዋ ነግጄ በተመለስኩ ቁጥር ጭነት ሳላራግፍ ስለ ባሕሩ ትጠይቂኝ ነበር። ከአስመራ ቁልቁል ሲወረድ ተራራው ደን ለብሷል፣ እኛ አገር ሣሩ ሲደርቅ እዚያ ዝናብ ይጥላል ስልሽ፣ ነጋዴ ውሸቱን ከስንቁ ጋር ቋጥሮ ነው የሚዞረው ብለሽ ሳቅሽብኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ ሥራቸውን ባሕር ውስጥ የነከሩ ዛፎች አሉ፣ ግመል ውሃው ውስጥ ገብታ ቅጠላቸውን ትበላለች፣ ነጫጭ ወፎችም ይሰፍሩባቸዋል ስልሽ ግን ሥራሽን ትተሽ አጠገቤ ተቀመጥሽ። ከዚያ ወዲያ ነገርሽ ሁሉ ውሰደኝ ሆነ።

ደግሞ ልወስድሽ ስነሳ የምትቀሪው አንቺው! አንዴ ጤፉ ይታጨድ፣ አንዴ ላሚቱ ትውለድ፣ አንዴ ይታይሽን እንዳር፣ እሷ ስትዳር ደግሞ ትገላገል። እኔ በቅሎ ጭኜ ደጅ ቆሜ፣ አንቺ ዶሮዎችሽን ለጎረቤት አደራ ስትይ ባልንጀሮቼ ጥለውን ይሄዳሉ። በመጨረሻ እኔ መሄድ ካቃተኝ ባሕሩ ይምጣልኝ ብለሽ ቅል ሰጠሽኝ። ምጽዋ ላይ ሞልቼ ተነሳሁ። የቆላው ፀሐይና የመንገዱ ርዝመት ጠጥተውት፣ ቤት የደረሰው ከግርጌው የተጋገረ ጨው ብቻ ነበር። አንቺ ግን አልከፋሽም። በጣትሽ ቀምሰሽ፣ ለካስ እውነትህን ነው አልሽኝና ቅሉን ምሰሶው ላይ ሰቀልሽው። ሄጄ ውሃውን በዓይኔ እስካይ ማንም እንዳይነካብኝ አልሽ።

ከዚያ ጣሊያን መጣና መንገዱ ተዘጋ። ከዚያ ተስቦ ገባና አንቺን ወሰደ።

በለቅሶሽ አላለቀስኩም። አልቃሿ ሙሾውን ስታወርደው፣ ሰው ደረቱን ሲመታ፣ እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ የበቅሎዋን ኮቴ አያለሁ። ወንድ ነው፣ ቻለው ተባለልኝ። ምን ችዬው! ነገሩ ገና አልደረሰኝም እንጂ።

ለአርባሽ እህትሽ አንጓች ሴቶቹን ሰብስባ መጣች። መንገድ ከተዘጋ ወዲህ ጨው እንደ መድኃኒት ነው የሚፈለገው። ወጡ አልጫ ሆኖ ሊያዋርደን ነው ብለው ሲጨነቁ አንዷ ቅሉን አየችው። አይ ውብዳር፣ ለክፉ ቀን አስቀምጣልን ብለው፣ መርቀውሽ፣ ፍቀው ፍቀው ወጡ ውስጥ ጨመሩት። እኔ ዳሱ ውስጥ ከካህናቱ ጋር ተቀምጬ ነበር፤ አንድ ጉርሻ እንደ ጎረስኩ አወቅሁት። ያንን ጨው ምላሴ አይስተውም። ብናገር ምን ሊጠቅም? ባሕርሽን አገሩ ሁሉ በላው። መሪጌታ እንኳ ዛሬስ ጨው በዛው አሉ። እኔ የቀረበልኝን ጨርሼ፣ ነፍስ ይማር ብዬ ወጣሁ። ደጅ ስደርስ የበቅሎዋን አንገት አቅፌ ቆምኩ። ከሞትሽ ወዲህ የሆነ ነገር የተሰማኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እንግዲህ ኅዳር ሚካኤልን አክብሬ ወደ ምጽዋ እነሳለሁ። ይታይሽ እግሬ ላይ ወድቃ ለመነችኝ። በጣሊያን ካሚዮን ብትሄድ ባንዳ ትባላለህ፣ በእግርህ ብትሄድ የይለፍ ወረቀት የለህም ተብለህ ትታሰራለህ፣ ከሁለቱ ብታመልጥ ሽፍታ አለ፤ እናቴን ቀብሬ አንተን ደግሞ የት ልፈልግህ አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን የውስጥ ለውስጡን መንገድ በቅሎዋ ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለች። የሚሸጥ ዕቃ አልጭንም፤ ስንቄ፣ ባዶው ቅል፣ ያንቺ ነጠላ፣ በቃ። ዛፎቹ ጋ ስደርስ እስከ ጉልበቴ ገብቼ ቅልሽን እሞላለሁ። እንባዬ ከመጣ እዚያ አለቅስልሻለሁ። ካልመጣም አትቀየሚኝ።

እግዜር ካለ ለሙት ዓመትሽ እደርሳለሁ። ውሃው እንደ ልማዱ መንገድ ላይ ይደርቃል፣ ጨው ይቀራል። ቅሉንም ምሰሶው ላይ እመልሰዋለሁ። በየዓመቱ፣ እኔ እስካለሁ ድረስ፣ የዝክርሽ ወጥ በእሱ ይሠራል፤ ያን ጊዜ ግን ጨምሩበት የምለው እኔ ነኝ። እንግዳው ጨው በዛው ይበል። እኔ ዝም ብዬ እበላለሁ።

ውሸታሙ ነጋዴሽ