በስሜ የጸደቀው መስመር

ሰኞ፣ ሚያዝያ 3

«ያቀረቡት ጥናት ተመርምሮ፣ የሐይቁ ዳር መስመርና የወንዙ ኃይል ማመንጫ ለጊዜው አስፈላጊ ሆነው ስላልተገኙ እንዲቀሩ፤ በደጋው በኩል የሚያልፈው መስመር ብቻ እንዲሠራ፤ የምሰሶ ጉድጓድ ቁፋሮውም ክረምት ሳይገባ በሚያዝያና በግንቦት እንዲጠናቀቅ የተወሰነ መሆኑን እናስታውቃለን። ጥናቱ በዚሁ ማሻሻያ በእርስዎ ስም ጸድቋል።»

የጥናት ገምጋሚ ኮሚቴውን ደብዳቤ ቃል በቃል ገልብጬዋለሁ። አንድ ፊደል አልጨመርኩም።

በእርስዎ ስም ጸድቋል። የእኔ የሆነውን ሁሉ ቆርጠው ጣሉና ስሜን አስቀሩት።

አርባ ምንጭ ዛሬ የምትበራው በናፍጣ ጀነሬተር ነው። የናፍጣው ቦቴ መንገድ ላይ ጭቃ ከያዘው ከተማው ይጨልማል፣ ሆስፒታሉም አብሮ ይጨልማል። ያቀረብኩት ሐሳብ ለማንም የሚገባ ነበር። ከሶዶ አንድ መስመር በአባያ ሐይቅ ዳር ይምጣ፤ ሌላው በደጋው፣ በጨንቻ በኩል ዞሮ ይምጣ፤ ሁለቱ ከተማው ላይ ይገናኙ። አንዱ ሲቆረጥ ሌላው ያበራል። ከጨንቻ በታች ደግሞ ወንዙ ላይ ትንሽ ማመንጫ ይቁም። የጥናቱ ልብ እሱ ነበር። የአገሪቱ ትልልቅ ግድቦች ውሃቸው የሚሟጠጠው ግንቦት ላይ ነው። የእኛ ወንዞች የሚሞሉት ያን ጊዜ ነው። እነሱ ሲጎድልባቸው እኛ ይተርፈናል።

ኮሚቴው ወንዙን ሊያይ የመጣው በየካቲት ነበር። ሊቀ መንበሩ ሱሪውን ሰብስቦ ተሻገረውና «ይቺ ናት?» አለ። ሳቁ። በሚያዝያ ተመልሳችሁ እዩት አልኳቸው። አልተመለሱም።

ክረምት ሳይገባ በሚያዝያና በግንቦት! ጋሞ ላይ ዋናው ዝናብ እኮ ሚያዝያና ግንቦት ነው። እነሱ በቢሮአቸው መስኮት ዝናብ የሚያዩት በሐምሌ ስለሆነ አገር ሁሉ በሐምሌ የሚዘንብ ይመስላቸዋል። ወንዙን የሰረዙበትም፣ ቁፋሮውን ያዘዙበትም ስሕተት አንድ ነው።

ባለቤቴ አስቴር ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ስምህን ካልሰረዙት ተመስገን በል» አለችኝ። እየቀለደች አልነበረም።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 4

ጠዋት ፈለቀ ዘንድ ገባሁ። የመብራት ቢሮው ቅርንጫፍ ኃላፊ ነው። ሥራ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ አሁን አለቃዬ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ፈሪ ነው፤ ልጆች አሉት።

ቁፋሮው ነገ ይጀመራል አለኝ። ከደጋው ገበሬ ማኅበራት ሰው በዘመቻ ታዟል።

«በዚህ ዝናብ?»

«ጋሽ ወርቁ፣ እስካሁን መች ዘነበ?»

«ይዘንባል።»

«እሱን ለኮሚቴው ይንገሩት፤ ዝናቡን ወደ ሐምሌ ያዛውረው ይሆናል።» ሳቀ። ቀጥሎ ሳቁን ዋጠና በሩን ዘጋ። «ለአብዮት በዓል የዶርዜ ሸማኔዎች ማኅበር መብራት እንዲገባለት ተብሏል። እንግዶች ይመጣሉ። ቀኑን የቆረጥኩት እኔ አይደለሁም። አሁን ይቁም ያለ ሰው ዕቅድ አደናቃፊ ይባላል፤ ያ ቃል ምን እንደሚያስከትል ያውቃሉ።»

አውቃለሁ።

እንግዲያውስ ስሜን አውጡልኝ አልኩት። ፊርማዬ የእኔ ንድፍ ላይ ነው፤ እናንተ ቆርጣችሁ የቀጠላችሁት ላይ አይደለም። የባለሙያ ስም የሌለበት ጥናት አይጸድቅም አለኝ። ስሜ የተፈለገው ለዚህ ነው። ለማኅተም።

ምሳ አልበላሁም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 5

በላንድሮቨር ወደ ደጋው ወጣሁ። ከመንገዱ በላይ ባለው ቁልቁለት ሰው ጉንዳን መስሎ ይቆፍራል። ያ ቦታ ቀይ አፈር ነው። ሲደርቅ ድንጋይ፣ ሲረጥብ ሳሙና። በጥናቴ ላይ የደጋው መስመር ከዚህ ቁልቁለት ርቆ በተራራው ጀርባ እንዲሄድ አድርጌ ነበር። ሽቦ ለመቆጠብ አቅንተውታል። ይህ ማሻሻያ ደብዳቤው ላይ እንኳ አልተጻፈም።

ጠዋት ሲቆፍሩ ትንሽ አካፍቶ ነበርና አንዳንዱ ጉድጓድ ከወዲሁ ውሃ ይዟል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር አንጁሎ ጠርዙ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። እንተዋወቃለን፤ መስመሩን ስቀይስ ቤቱ አድሬያለሁ።

«ኢንጂነር፣ ይሄ ጉድጓድ ለእንጨት ነው ወይስ ለዓሣ? ለዓሣ ከሆነ ንገረን፣ ከአባያ እናመጣለን።»

ቆፋሪዎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

«ዝናቧ ገና አልመጣችም። ነገ ትመጣለች» አለኝ። «ገብስ የምንዘራበት ጊዜ ነው። ሰዉን ከእርሻ አውጥተህ እዚህ አመጣኸው።»

«እኔ አላመጣሁም።»

«ወረቀት አነበቡልን። ስምህ አለ። ሌላ የሰው ስም የለበትም፣ የአንተ ብቻ ነው። ቅዳሜ ዱቡሻ ላይ ተነበበ፤ አንተ አልነበርክም። ነገርህ ተዘርግቶ ተቀምጧል።»

ለእኔ ደብዳቤው የደረሰኝ ሰኞ ነው፤ እነሱ ቀድመውኝ ሰምተዋል። ዱቡሻ የመሰብሰቢያ ሜዳቸው ነው፤ ጉዳይ ሁሉ እዚያ ይታያል። ስሙ የተነሣ ሰው ራሱ መጥቶ ካልተናገረ ነገሩ አይዘጋም። በወረቀትም በተላላኪም አይዘጋም።

«ሰው ካልመጣ ምን ይላሉ?» አልኩት።

«ምንም አይሉም። ውሃ አይሰጡህም።»

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 6

ዝናቧ መጣች፣ አንጁሎ እንዳለው። ከረፋዱ ጀምሮ ሳያባራ። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ድምፅ ሰው አያነጋግርም። ቢሮ ሆኜ ያንን ቁልቁለት ብቻ አስብ ነበር። ፈለቀን ቁፋሮውን አስቁም አልኩት። ከላይ እንዳልጠይቅ ስልክ ተቆርጧል አለኝ። በእርግጥም ተቆርጦ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አንዱ ጉድጓድ ተደረመሰ። ውስጡ የነበረውን ሰው አፈሩ እስከ ወገቡ ያዘው። በእጃቸው ቆፍረው አወጡት። እግሩ ተሰብሯል። በጭነት መኪና ሆስፒታል አደረሱት።

አስቴር ነርስ ናት፤ ተረኛ ነበረች። ቤት ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«እግሩን ስናስር መብራት ሄደ» አለች። «ቦቴው ጭቃ ይዞታል አሉ። በፋኖስ ጨረስን።»

«ሰውየው እንዴት ነው?»

«ይድናል» አለች። «ጉድጓዱን ያዘዘው ሰው ሚስት አንቺ ነሽ ወይ አለኝ። በስድብ አይደለም፣ እንዲያው ለማወቅ። አዎ አልኩት።»

«ለምን አዎ አልሽ?»

«ምን ልበል ታዲያ? እግሩን ይዤ ስለ ኮሚቴ ላስረዳው?»

ጎንበስ ብዬ ጫማዋን ፈታሁላት።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 7

የአደጋው ሪፖርት ተጽፎ ጠበቀኝ። አንድ ሐረግ ብቻ ልጥቀስ፦ «ቁፋሮው በጓድ ወርቁ ጥናት መሠረት በመከናወን ላይ ሳለ።» ፈርም ተባልኩ። አልፈረምኩም።

ፈለቀ ላቡን ጠረገ። ክፍሉ ይሞቃል፣ ማራገቢያው ያለ መብራት አይሠራም። የመብራት ቢሮ ውስጥ መብራት የለም።

«ጋሽ ወርቁ፣ ለእኔ ብለው።»

«ለአንተ ብዬ ስንቱን ፈርሜአለሁ። ይሄን አልፈርምም። ያን ቁልቁለት ማን አስገባው? ጥናቴን አምጣና መስመሩን አሳየኝ።»

ካርታውን ዘረጋ። ጣቱን በእኔ መስመር ላይ አስኬደ፣ ከዚያ በእነሱ ላይ። ብዙ አየው። ጎበዝ ልጅ ነበር፣ ማንበብ አልረሳም።

«እስከ ሰኞ ቁፋሮው ይቁም እላለሁ» አለ። «በቃል ነው። በጽሑፍ እንዳይሉኝ።»

ትንሽ ድል ነው። በቃል የመጣ ግን በቃል ይሄዳል። ሰኞ ከላይ ቢደውሉለት አላልኩም ይላል፣ እኔም የማሳየው ወረቀት አይኖረኝም።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 8

ዱቡሻ ወጣሁ። አስቴር አትሂድ አላለችኝም። ካፖርቴን ብቻ አቀበለችኝ፤ ደጋው ይበርዳል።

ሳሩ ርጥብ ነው። ሽማግሌዎቹ በመደዳ ተቀምጠዋል፣ ሌላው ሰው ከበባቸው። ጠርዙ ላይ ከአስተዳደር የመጣ ካኪ ለባሽ ቆሟል። ታላቁ ሽማግሌ መረቁ፤ ሁሉም ተቀበለ። ከዚያ አንጁሎ ስሜን ጠራ።

በአማርኛ ተናገርኩ፣ አንጁሎ ወደ ጋሞኛ መለሰው። ይህን ቁልቁለት እንዳልመረጥኩ ተናገርኩ። በሚያዝያ ቆፍሩ እንዳላልኩ፣ ወንዛችሁ ይበቃል ብዬ እንደጻፍኩና እንደሰረዙት ተናገርኩ። ማን እንደሰረዘው አልጠራሁም። ካኪ ለባሹ ይጽፍ ነበር። አንድም ሰው አላቋረጠኝም። ሠላሳ ዓመት በስብሰባ ኖሬ ሳልቋረጥ ተናግሬ የጨረስኩት ዛሬ ነው።

አንድ ሽማግሌ ጠየቁኝ። አንጁሎ ተረጎመ። «ያንተ ካልሆነ ለምን ስምህን አልወሰድክም ይላሉ።»

«ጠይቄአለሁ። አልሰጡኝም።»

«በአፍ ጠይቀህ ነው?»

«በአፍ።»

ተነጋገሩ። ቆይተው ተስማሙ። አንጁሎ እንዲህ አለኝ፦ «እኛ ቃልህን ሰምተናል፣ እዚህ ነገርህ ተዘግቷል። ዝናቧ እስክታልፍ አንድም ሰው አይቆፍርም። እነዚያ ሰዎች ግን በአፍ አይሰሙም። የእነሱ ዱቡሻ ወረቀት ነው። እዚያ ሂድና ተናገር።»

ስንለያይ ውሃ በቅል ሰጡኝ። ጠጣሁ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 9

አስቴር ጠዋት ብርድ ልብስና ቅያሪ ሸሚዝ በትንሽ ቦርሳ ከታ በሩ አጠገብ አስቀመጠች። አልጠየቅኳትም። እሷም አላስረዳችኝም፤ ሊያስሩኝ ቢመጡ እንድይዘው ነው። የካኪ ለባሹ ሚስት ጓደኛዋ ናት፤ ሰውየው ማታውኑ ሪፖርት ማድረጉን ነግራታለች።

ለኮሚቴው መልስ ለመጻፍ ተቀመጥኩ። አምስቴ ጻፍኩት። አራቱ ስድብ ነበረባቸው። አስቴር አምስተኛውን አነበበችና አንድ ቃል አስወጣችኝ፤ «ደንቆሮ» የሚለውን። ደህና አድርጋለች። ነገ ማለዳ በመዝገብ ቤት ቁጥር አሰጥቼ እልካለሁ፣ ግልባጩም ለፈለቀ ይደርሰዋል። የሚሄደው ይኸው ነው፦

«ለጥናት ገምጋሚ ኮሚቴ። በስሜ ጸድቋል ያላችሁት ጥናት የእኔ አይደለም። የሐይቁን ዳር መስመርና የወንዙን ማመንጫ አውጥታችኋል፤ የደጋውን መስመር ሳትነግሩኝ ወደ ተንሸራታች መሬት አዛውራችኋል፤ ቁፋሮውን በዋናው የዝናብ ወቅት አዛችኋል። በዚህ ምክንያት አንድ ገበሬ እግሩ ተሰብሯል፤ እግሩም የታሰረው በፋኖስ ነው። ስለዚህ ቁፋሮው ዝናቡ እስኪያልፍ እንዲቆም፤ ጥናቱ እንደ መጀመሪያው ተመልሶ እንዲታይ፤ ይህ የማይሆን ከሆነ ስሜ ከጥናቱም ከአደጋው ሪፖርትም እንዲወጣና የወሰነው ሰው ስም በቦታው እንዲገባ እጠይቃለሁ። የቃል መልስ፣ የስልክ መልስ፣ በሰው የተላከ መልስ አልቀበልም። እስከ ሚያዝያ 30 ቀን ድረስ በጽሑፍ፣ በፊርማና በማኅተም መልስ ይሰጠኝ።»