ሁለት ዓይነት ሰማያዊ

ጌትዬ፣

እንደምን ከርመሃል ብዬ ልጀምር አልኩና ብዕሩን አስቀመጥኩት። የት እንዳለህ እያወቅኩ እንደምን ከርመሃል ማለት ምን ይሉታል? ከሄድክ እነሆ አራተኛ ክረምት ወጣ። ዝናቡ ሊገባ ሲል ነበር የሄድከው፣ አሁን ደግሞ ዝናቡ አባርቶ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ገብተው፣ እጄ ከሥራ ትንሽ ፋታ ሲያገኝ ይኸው ልጽፍልህ ተቀመጥኩ። ናፍቀኸኝ ብቻ እንዳይመስልህ። መናፈቁንማ ለምጄዋለሁ። የማዶውን ልብስ ሰፊ፣ የሽፈራውን ነገር ልነግርህ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን። ጣሪያው ተቀይሯል፣ አሁን መኝታ ቤት አያፈስም። በራችን ላይ የነበረው ባሕር ዛፍ ተቆርጧል። ልጃችን ሰላም ገላን ኮንዶሚኒየም ገብታለች፣ አራተኛ ፎቅ። ደረጃውን ወጥቼ እስክደርስ ድረስ ጉልበቴ ስምህን ይጠራል። የስፌት መኪናህን በየሳምንቱ ዘይት አጠጣዋለሁ፣ ግን ማንም አይቀመጥበትም። ሜትርህ አሁንም ምስማሩ ላይ ነው። ያ ስንጣላበት የነበረው ካርቶንም አለ፤ «ጌታሁን ልብስ ስፌት» የሚል የታተመባቸው እነዚያ ትንንሽ ነጭ ጨርቆች። ይህን ሁሉ ለማን ብለህ ነው ያሳተምከው ብዬ ስጮህብህ፣ ቃሊቲን በሙሉ ላለብስ ነው ብለህ የሳቅከው ትዝ ይልሃል? ሳትጨርሰው ሄድክ።

ሳሪስ አቦ አፈርህ ላይ ቆሜ ያልኩትን ሰምተህ ከሆነ አላውቅም። ሰው ሁሉ እያለቀሰ ነበር፣ እኔ ግን እየማልኩ ነበር። የሽፈራውን ሱቅ ሳላዘጋ ዓይኔን አልከድንም ብዬ ማልኩልህ። ሰላም ክንዴን ይዛ፣ እማዬ ምን እያልሽ ነው አለችኝ። እየጸለይኩ ነው አልኳት።

ምን እንዳደረገን አንተም ታውቀዋለህ፣ ግን እኔ ደግሜ ካልተናገርኩት አይወጣልኝም። ያኔ አልጋ ላይ ነበርክ። ሽፈራው ከማዶ ሱቁ አስፋልቱን ተሻግሮ፣ ብርቱካን በፌስታል ይዞ መጣ። አልጋህ አጠገብ ተቀምጦ እግዜር ይማርህ አለህ። እኔም ደግ ሰው መስሎኝ ሻይ አፈላሁለት! በማግስቱ ጠዋት በቀጥታ ዩኒፎርም የምንሰፋለት ትምህርት ቤት ሄዶ፣ ጌታሁን አብቅቶለታል፣ ዩኒፎርሙን ለእኔ ስጡኝ አላቸው። ብርቱካኑን በልተን እንኳ አልጨረስንም ነበር። ናሙናውን ኮት ሊወስድ ከትምህርት ቤቱ የተላከው ሰውዬ በራችን ላይ ቆሞ የሽፈራውን ቃል እንዳለ ነገረኝ፤ አንተ ከውስጥ እየሰማህ መሆኑን አላወቀም። ስገባ ፊትህን ወደ ግድግዳው አዙረህ ነበር። «አብቅቶልኛል እንዴ አስቱ?» አልከኝ።

ምን ብዬ እንደመለስኩልህ አላስታውስም። ጥያቄህን ግን ጨርቅ በቀደድኩ ቁጥር እሰማዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ እንዴት እንደኖርን ልንገርህ። ሽፈራው በየጠዋቱ ከማዶ ሆኖ ሰላም አደርሽ ወይ ይለኛል። እኔ ቀና ብዬ ሰማዩን አያለሁ። የጠርዝ መስፊያ መኪናው፣ ኦቨርሎኩ፣ የተሰበረበት ቀን ለራሴ ሥጋ ገዛሁ። ክር ጎድሎት ሠራተኛዋን ልጅ ሲልክብኝ፣ ሦስት ጥቅል መደርደሪያው ላይ ተደርድሮ እያየችው፣ የለኝም አልኳት። እሱም ቅዱስ እንዳይመስልህ፣ የእኔን ደንበኞች በር ላይ እየጠበቀ በርካሽ እሠራላችኋለሁ ይል ነበር። እንዲህ ስንባላ ከርመን አንድ ዓመት እሱ ዩኒፎርሙን አዘገየ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሥራው ለእኔ ተሰጥቶኝ እኔ አዘገየሁ። ልጆቹ ሁለቱንም ዓመት መስከረምን በአሮጌ ልብስ ጀመሩ።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ ምክትል ርዕሰ መምህሯ ሁለታችንንም አስጠራችን። አንድ አግዳሚ ላይ አስቀመጠችን፣ ጌትዬ! እኔ ግድግዳውን አያለሁ፣ እሱ ጫማውን ያያል። ልጅ እግር ናት፣ ግን ምላሷ አይጣል ነው። ወይ አብራችሁ ትሰፋላችሁ፣ ወይ ከመርካቶ የተሰፋ የሚያመጣልኝ ነጋዴ አለ፣ ሁለታችሁም ትተዉታላችሁ አለችን። ያ ሥራ ከሄደ ሱቃችን እንደማይከርም አንተም ታውቃለህ። የሱም አይከርምም።

ሰላም ደግሞ ወረዳ ላይ ስልጠና ወስዳ መጥታለች። እማዬ፣ ተፎካካሪሽን እንደ አጋር እዪው፣ የሌለሽ እሱ ጋ አለ፣ የሌለው አንቺ ጋ አለ ትለኛለች። አጋር! እኔ የማውቀው አጋር አንድ ነው፣ እሱም አፈር ውስጥ ነው አልኳት። አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ፣ ከዚያ ትምህርት ቤቱ ሄጄ እሺ አልኩ። አምኜበት እንዳይመስልህ። ሰውን ለመጣል መጠጋት ያስፈልጋል ብዬ ነው።

ኮቱ የእኔ፣ ሱሪና ጉርድ ቀሚሱ የሱ ሆነ። ጨርቁ ጥቁር ሰማያዊ ቴትሮን ነው፣ እንደ ድሮው። ሁለታችንም መርካቶ እዚያው ሱቅ ገዛን፣ ግን አብረን ለመሄድ ማን ይደፍራል? እኔ በሳምንቱ መጀመሪያ ሄድኩ፣ እሱ ከሁለት ሳምንት በኋላ። እኔ ከትልልቆቹ ክፍሎች ጀመርኩ፣ እሱ ከትንንሾቹ።

ክር ፋብሪካው ማቅለሚያ ክፍል ስትሠራ የተማርከውን ነገር ታስታውሳለህ አይደል? አንድ ቀን የተነከረ ጨርቅና በሌላ ቀን የተነከረ ጨርቅ፣ ስማቸው አንድ ቢሆንም መልካቸው አንድ አይደለም ትለኝ ነበር። በሱቅ አምፖል አይታይም፣ ፀሐይ ላይ ነው የሚጋለጠው። ክረምት ላይ ደመናው ትንሽ ሲገለጥ ደንበኛ እየለካህ እንኳ ቢሆን ሜትሩን አንገቱ ላይ ትተህለት የጨርቅ ጣቃህን ተሸክመህ ወደ ውጭ ትሮጥ ነበር። እኔ ከኋላህ የከባድ መኪናው ጭስ ጨርቁን አበላሸው እያልኩ እጮሃለሁ። የሰፈሩ ሰው ይስቅብሃል። ከፍ አድርገህ ይዘህ፣ አንድ ዓይንህን ጨፍነህ ታያለህ። እኔ የእኔን አምጥቼ በሆነች የፀሐይ ጭላንጭል አይቼዋለሁ፣ ልክ ከናሙናው ጋር አንድ ነው። ሽፈራውን ግን ማን ያስተምረው?

ነሐሴ አጋማሽ ላይ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ቦግ ያለ ፀሐይ ወጣ። እኔ አንድ ያለቀ ኮት ይዤ በር ላይ ቆሜያለሁ። ማዶ ሽፈራው ያለቁ ሱሪዎችን በራፉ ላይ ሰቅሏቸዋል። አየሁ። እንደገና አየሁ። የሱ ሰማያዊ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል፣ የእኔ ወደ ጥቁር። ልቤ ዘለለች እልሃለሁ! መስከረም ላይ ልጆቹ ግቢው ውስጥ ሲሰለፉ፣ ከላይ አንድ ሰማያዊ ከታች ሌላ ሰማያዊ ለብሰው ታየኝ። ናሙናው ይወጣል፣ ኮቱ ልክ ነው፣ ሱሪው አይደለም፣ አለቀ። ሽፈራው አብቅቶለታል የሚሉት ቀን በእግሩ መጣልኝ።

ዝም አልኩ። ስድስት ቀን ሙሉ አፌን ለጎምኩ። እህል በአፌ ጣፈጠኝ። በየጠዋቱ ሰላም አደርሽ ወይ ሲለኝ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ መለስኩለት። ደንግጦ እጁ ላይ የነበረውን መቀስ ጣለ።

በሰባተኛው ቀን ኮሌታ ላይ ስምህን እየሰፋሁ ነበር። እንደ ሁልጊዜው፣ ነጯን ጨርቅ አጥፌ፣ ከኮሌታው ሥር። መርፌው መሃል ላይ ቆመ። ሽፈራው እኮ ምልክት የለውም ጌትዬ! ሱሪው ላይ ማንም የማንም ስም አይጽፍም። እናትየዋ ልጇን ሁለት ዓይነት ሰማያዊ ለብሶ ስታይ ናሙና አትፈልግም፣ ኮቱን ገልብጣ ታያለች። የምታነበው የአንተን ስም ነው። ያኛውን ያጠፋሁ መስሎኝ ስድስት ቀን ሙሉ አንተን ልቀብርህ ጉድጓድ እየቆፈርኩ ነበር።

ኮቱን ይዤ አስፋልቱን ተሻገርኩ። ከሄድክ ወዲህ ደጁን ስረግጥ የመጀመሪያዬ ነው። አንድ ሱሪ ከመስቀያው አውርጄ፣ እጁን ይዤ ወደ ውጭ አወጣሁትና ጎን ለጎን አሳየሁት። መነጽሩን አወለቀ፣ አደረገ፣ እንደገና አወለቀ። የትኛው ነው የሚለየው አለኝ። ዓይኑ ደክሟል ጌትዬ። አዘነችለት እንዳትል፣ አላዘንኩለትም። ትንሽ ብቻ።

ሲገባው በራፉ ላይ ያለች በርጩማ ላይ ቁጭ አለ። ከመቼ ጀምሮ ነው ያየሽው አለኝ። ስድስት ቀን አልኩት። ስድስት ቀን ሙሉ እያየሽኝ ዝም አልሽ አለኝ። አዎ አልኩት፣ አንተስ ብርቱካን ይዘህ ስትመጣ በማግስቱ የት እንደምትሄድ ነግረኸኝ ነበር? የልጆቼ ጉሮሮ ነው ያን ያህል ያዋረደኝ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ አለ። ይቅርታህን ወስደህ ሳሪስ አቦ ለባለቤቱ ንገረው፣ እኔ የምፈልገው ሥራ ነው አልኩት።

መላው ቀላል ነበር፣ አንተ ብትኖር ቀድመህ ታየው ነበር። እሱ ሱሪውን የሰፋው ለትንንሾቹ ነው፣ እኔ ኮቱን የሰፋሁት ለትልልቆቹ ነው። ስለዚህ የቀረንን ጣቃ መለዋወጥ ነው። ትንንሾቹ ከላይ እስከ ታች በሱ ሰማያዊ፣ ትልልቆቹ ከላይ እስከ ታች በእኔ። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ቀለም እስከሌለ ድረስ ማን ያውቃል? ሄደን ለምክትሏ ነገርናት፣ እሺ አለች። ግን ጣቃዬን ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር አልኩት። ካርቶንህን አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩለት። በእያንዳንዱ ሱሪና በእያንዳንዱ ጉርድ ቀሚስ ወገብ ላይ ይቺ ትሰፋለች። ሠራተኞችህ አይደሉም የሚሰፏት፣ አንተ ነህ፣ በገዛ እጅህ። አንዷን አንስቶ ዓይኑ ሥር አስጠግቶ አነበባት። ጆሮው ድረስ ቀላ። እስከ መቼ አለኝ። ካርቶኑ እስኪያልቅ አልኩት።

ጣቃዎቹን በትከሻችን ተሸክመን አስፋልቱን ስንሻገር ብታይ! ጎሚስታው ጎማውን ጥሎ ቆሞ ያየናል። ጳጉሜ እስኪያልቅ አብረን ሠራን። የእኛ ጠረጴዛ ሰፊ ስለሆነ ቅዱ እዚህ፣ ኦቨርሎኩ እሱ ጋ። አንድ ቀን መኪናህ ላይ ሊቀመጥ ወንበሩን ሳብ ሲያደርግ አየሁት። መኪናዋ አትነካም አልኩት፣ ወንበሩን መለሰ። አሁን መርካቶ አብረን ነው የምንሄደው፣ ጣቃ በመጣ ቁጥርም አስፋልቱ ዳር ፀሐይ ላይ አስቆመዋለሁ። ከፍ አድርገው እለዋለሁ፣ ከፍ ያደርጋል። ትንሽ ወደ ቀኝ እለዋለሁ። አንዳንዴ ካየሁ በኋላም ዝም ብዬ አቆየዋለሁ። የሰፈሩ ሰው አሁን የሚስቀው በሱ ነው።

ዩኒፎርሙ ደግሞ በሰዓቱ አለቀ፣ ሁለት ዓመት ያልሆነው ነገር። ምክትሏ ለሚቀጥለውም ዓመት ለሁለታችን ሰጥታናለች፣ ሌላ ትምህርት ቤትም ጠይቆናል። ሰላም ልክ ነበረች። አልነግራትም።

ትምህርት የተከፈተ ቀን በሩ ላይ ሄጄ ቆምኩ። ልጆቹ ተሰለፉ፣ ሰማያዊው ሰማያዊ ነው። ሽፈራውም መጥቶ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሟል። ያን ሁሉ ልጅ እያየ ምን እንደሚያስብ አወቅኩ፤ እኔም እሱኑ ነበር የማስበው። በእያንዳንዱ ልጅ አንገትና ወገብ ላይ አንተ ነህ። አብቅቶለታል ያለው ሰው በገዛ ጣቱ አንድ በአንድ የሰፋው ስም። ያን ቀን ጥያቄህን መለስኩልህ ጌትዬ። አላበቃልህም።

አሁን ሱቁን አላዘጋውም፣ መሐላዬን ማረኝ። ሱቁ ከተዘጋ ማን ይሰፋልኛል?

ባለፈው ሳምንት ጣቶቹን እያሻሸ መጣና፣ ካርቶኑ አላለቀም ወይ አስቴር አለኝ። ገና ነው አልኩት። አልዋሸሁም፣ ሌላ ካርቶን አሳትሜያለሁ። እኔ እስካለሁ አልረሳህም። እሱም አይረሳህም።

አስቱ