ሹሉ ወደ ውስጥ የዞረው ማሰሪያ

ኅዳር 3፣ ረቡዕ፣ ማታ

ነብሮ ዛሬም ጎተተኝ። ከት/ቤት መልስ እንደ ልማዳችን ይዤው ወጣሁ። መገንጠያው ጋ፣ የደብረ ታቦር መኪኖች የሚቆሙበት፣ ባጃጅ ጥሩንባውን ሲነፋ ውሻው ፈተለከ። ገመዱን አልለቀቅሁም። በደረቴ አስፋልት ላይ ተጎተትሁ። ተማሪዎቼ አዩኝ። ሳቁ። አብሬ ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን ነደደ።

አከራዬ እትዬ ዘውዴ በር ላይ ጠበቁኝ። ውሻው አደብ ካልገዛ ከግቢዬ ይውጣ አሉ። የሰው ልጅ ቢጥልስ አሉ። እውነት አላቸው። ግን የአባቴ ውሻ ነው። አባቴ እስኪሞት ድረስ ፎገራ ሜዳ ላይ ከብት ሲጠብቅ የኖረ፣ ገመድ የት ያውቃል? ለማንስ እሰጠዋለሁ?

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ስልኬ ላይ አየሁ። ሹል ሹል ያለው የብረት የአንገት ማሰሪያ። ውሻው ሲጎትት ይወጋዋል፤ ይቆማል። ባሕር ዳር አስጠየቅሁ፣ የለም። ቀጥቃጩ አያ ታምሩ ጋ ሄድሁ። ሥዕሉን አሳየኋቸው። ወናፉን አቁመው ብዙ አዩት።

«ጅብ ለሚበዛበት አገር ውሻ እንዲህ ያለ ሠርቻለሁ» አሉ። «የዚያ ሹሉ ወደ ውጭ ነው፤ ጅቡ አንገቱን እንዳይዘው። ይኸ ወደ ውስጥ ነው። ከማን ሊጠብቀው ነው?»

ዘመናዊ ነው፣ ማሠልጠኛ ነው አልኋቸው። በመምህርነቴ ተኮፈስሁባቸው። እያመነቱ እሺ አሉ። ጫፉን ግን አደነዝዘዋለሁ፤ ስታስርለት ሁለት ጣት ያስገባ፤ ቤት ስትገቡ አውልቅለት አሉኝ።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ይሠራል! ከመገንጠያው እስከ ሩዝ መፈተጊያው እንደ በግ ተከተለኝ። ሰው ዞሮ አየን። አንዴ ብቻ ጮኸ። ሲላላ ስለሚንሸራተት አጠበቅሁት። ሁለት ጣት አያስገባም፤ አንድም። ማሰር ማውለቁ ሰለቸኝ። ይደርበት።

ኅዳር 14፣ እሑድ

ምግብ ከተወ ሁለት ቀኑ። ገመዱን ሳነሳ አልጋ ሥር ይገባል። ዛሬ አንገቱ ሸተተኝ። ፀጉሩን ገለጥሁ።

ብረቱ ሥጋው ውስጥ ገብቷል።

ቀስ ብዬ አወለቅሁት። አልነከሰኝም። ላሰኝ። ምነው በነከሰኝ።

ኅዳር 15፣ ሰኞ

ጾም ገባ። የእንስሳት ሐኪሙ ጋ ወሰድሁት። ሽቦ አጥር ነው አልሁ። ቁስሎቹን በጣቱ ተከተላቸው፤ እኩል እኩል ተራርቀው አንገቱን ዞረውታል። ቀና ብሎ አየኝ። አጠበው፣ መርፌ ወጋው። ሲጨርስ፣ ሲድን ሰፊ የጨርቅ ማሰሪያ አሰፋለት፤ ገመዱም ከአንገቱ ሳይሆን ከደረቱ ይያዝ አለኝ። ረጋ ብሎ። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር።

ስመለስ እትዬ ዘውዴ ቁስሉን አዩ። ብረቱን ማን ሠራው አሉ። አያ ታምሩ አልሁ።

«ወይኔ አንተ ልጅ! የቀጥቃጭ ዓይን ነዋ የበላው!»

ዝም አልሁ። ቡዳ የሚባል ነገር የለም ብዬ ክፍል ውስጥ የማስተምረው እኔ። ዝም። ይባስ ብሎ ቀለለኝ።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

ወሬው ሰፈሩን ሞላው። የሩዝ አጨዳ ነው፤ በዚህ ጊዜ አያ ታምሩ ደጅ ማጭድ ፈላጊ ይጋፋ ነበር። በዚያ አለፍሁ። ሰው የለም። ማጭዶቹ ጆንያ ላይ ተደርድረዋል። ሚስታቸው ቦኖው ጋ ውኃ ልትቀዳ ስትመጣ ሴቶቹ ልጆቻቸውን ወደ ጉያቸው ሳቡ። እሷም አየች፤ እንዳላየች ሆና እንስራዋን ደቀነች። እኔ አንገቴን ደፍቼ አለፍሁ።

ደብተሬ፣ ካንተም የደበቅሁት አለ። አያ ታምሩ እንዳሉት ጫፉን አደንዝዘውት ነበር። ነብሮ አልቆም ሲለኝ በሞረድ የሳልሁት እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ቀን። «ይሠራል» ብዬ ከመጻፌ በፊት።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ፣ 10 ሰዓት

ሄድሁ። ሁሉን ነገርኋቸው። መሳሌን፣ ማጥበቄን፣ ዝም ማለቴን። መዶሻቸውን አስቀመጡ።

«ለእኔ ምን ትነግረኛለህ፣ መምህር? እጄ የሠራውን አውቃለሁ። የማያውቁት እነሱ ናቸው።»

ይቅር ይበሉኝ አልሁ። ይቅርም አላሉኝ፣ አላባረሩኝም። ብቻ ውሻውስ እንዴት ሆነ አሉ። መብላት ጀምሯል አልሁ።

«ተመስገን።»

እንባዬ መጣ። እሳቸው ፊታቸውን ወደ እሳቱ መለሱልኝ።

ኅዳር 21፣ እሑድ፣ ጧት

ጽዮን ናት። ከቅዳሴ በኋላ ሰፈሩ ሰንበቴ ቤት ይሰበሰባል። እትዬ ዘውዴ፣ የተማሪዎቼ አባቶች፣ ቦኖ ላይ የነበሩት ሴቶች፣ ሁሉም። ተነሥቼ እናገራለሁ። ውሻውን ያቆሰልሁት እኔ፣ ሰውየውን ያሳማሁትም እኔ እላለሁ። ቄሱ ዝም በል ቢሉኝም። ቤት ልቀቅ ብባልም።

እትዬ ዘውዴ ነጠላቸውን ለብሰው ከግቢው እየጠሩኝ ነው፤ አብረን እንሂድ እያሉ። መንገዱ ሩቅ ነው። እንግዲያው ሰንበቴ እስክደርስ ለምን እጠብቃለሁ? ለእሳቸው አስቀድሜ፣ አሁን፣ በሩን ስንወጣ እነግራቸዋለሁ።