በወይዘሮ ጂቱ አልጋ ሥር ስላሉት አሥራ አንድ ከረጢቶች

«ከአልሙኒየም ማቅለጫችን የሚወጣው ቅሪት ተራ አመድ ነው። የሠፈሩ ሰው ወደ ቤቱ ወስዶ በውሃ አጥቦ ከሥሩ የሚቀረውን የብረት ስብርባሪ ይመልስልን። አንድ ቁና ስብርባሪ ላመጣ አንድ አዲስ ድስት ይሰጠዋል።»

ለክቡር አቶ ዓምደ ሚካኤል፣
ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ላለው የአልሙኒየም ማቅለጫ ሥራ አስኪያጅ፤

የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንዲጠበቅ፣ ዓይንዎ እንዳያነባ፣ የቤትዎም ጣሪያ እንዳያፈስ ከልብ እመኛለሁ። ከላይ ያሰፈርኩት በግቢዎ በር ላይ ያስለጠፉት ማስታወቂያ ነው። ጎረቤቴ ወይዘሮ ጂቱ ማንበብ ስለማይችሉ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ከጥፋቱ ድርሻ አለኝ።

፩ኛ/ ስለ ድስቱ አመሰግናለሁ። ወይዘሮ ጂቱ ልጃቸውን ዲንቄን በመጪው ጥር ሊድሩ ስላሰቡ፣ አሥራ ሁለት ከረጢት ቅሪት በጀርባቸው አመላልሰው፣ ሌባ እንዳይነካባቸው አልጋቸው ሥር ደረደሩት።

፪ኛ/ ስለ ካቦዎ ስለ አቶ ዲንሳም አመሰግናለሁ። ኬሚስትሪ ተምሬ ሃያ ዓመት ያስተማርኩ ሰው እንደመሆኔ፣ ይህ ቅሪት ውሃ ሲነካው እንደሚግልና ዓይን የሚያቃጥል፣ እሳትም የሚይዝ ጋዝ እንደሚያወጣ ለወይዘሮ ጂቱ ነግሬያቸው ነበር። እሳቸው «ኧረ ጋሼ፣ ዕድሜ ልኬን ዕቃ ያጠብኩበት አመድ ዛሬ ጠላት ሆነብኝ?» ብለው ሳቁ። በዚያ ያልፉ የነበሩት ካቦዎም «ይተዉአቸው እትዬ፣ ጋሼን ትምህርት ቤት ያስተማራቸው መፍራት ብቻ ነው» አሉ። መፍራቴን አልክድም።

፫ኛ/ ባለፈው ሐሙስ ወይዘሮ ጂቱ አንዱን ከረጢት ጓዳ ባለው በርሜል ውስጥ ዘርግፈው ውሃ ጨመሩበት፤ ሽታው ቢያስቸግራቸው ከደኑት። በርሜሉ ያለ እሳት ፈላ። ዲንቄ ኩራዝ ይዛ ገብታ ክዳኑን ስታነሳው ነበልባል ፊቷን ገረፋት። ዓይኗ በእግዚአብሔር ቸርነት ተርፏል፤ ቅንድቧና የግንባሯ ቆዳ ግን የለም። ካቦዎ ጠይቀዋት ሲወጡ «ክደኑ ያላችሁ ማን ነው?» ብለው መቆጣታቸውን ሳልጠቅስ ባልፍ ውለታ ቢስ እሆናለሁ።

ክቡር ሆይ፣ አሥራ አንዱ ከረጢት እስካሁን አልጋው ሥር ነው። ጣሪያው ያፈሳል፤ ምድጃው ከአልጋው ሁለት ክንድ አይርቅም፤ የእኔና የእነሱ ቤት ግድግዳው አንድ ነው። ውጭ እንዳናወጣው ዝናብ ይመታዋል፤ ወንዝ እንዳንጨምረው ከታች ያለው ሰው ይጠጣዋል። በራጉኤል በኩል ደመና በጠቆረ ቁጥር እነሱን ከቤት አስወጥቼ ደጅ አብሬያቸው እቆማለሁ።

ስለዚህ ከረጢቶቹን ማን፣ በምን መኪና፣ በየትኛው ቀን እንደሚያነሳቸው እስከ ግንቦት ፳፭ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም. ድረስ በጽሑፍ እንዲገልጹልኝ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። በካቦ አፍ የሚላክ መልስ አልቀበልም።

ከቸርነትዎ ጋር በአንድ ግድግዳ ተለያይቼ የምኖረው አክባሪዎ፣
ገብረማርያም በዳዳ
ግንቦት ፲፰ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ተጨማሪ፦ ትናንት አንዱን ከረጢት በአህያ ጭነን ልንመልስልዎ መጥተን ነበር። ዘበኛዎ በሚገባ ጨዋነት፣ ቅሪቱ ዝናብ ከነካው እሳት ስለሚያስነሳ ወደ ግቢ ተመልሶ እንዳይገባ የሚያዝ፣ በእርስዎ የተፈረመ ወረቀት አሳየን። ቀኑን አየሁት፤ ከማስታወቂያው በሁለት ቀን ይቀድማል።