ከገዳሙ በር ወዲህ

ለወንድምጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ጤናህስ እንዴት ነው? ብርዱን ቻልከው ወይ? የሐይቁ ንፋስ ጠዋት ጠዋት አጥንት ይገባል አሉኝ፤ ጋቢህን ጥለህ መሄድህን ስለማውቅ ነው የምጠይቅህ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤ ላይ ሁላችንም ደህና ነን ተብሎ እንደሚጻፍ አውቃለሁ፤ አሥረኛ ክፍልን ጥዬ ብወጣም እሱን ያህል ተምሬያለሁ። ግን ዛሬ ስለራሴ ብቻ ነው የምጽፍልህ። እትዬ ዘሀራ ሰላም በይልኝ ብላሃለች። ሰሞኑን የራሷን ቤት ትታ እኛ ጋ ነው የምታድረው።

ስልክህን አስረክበህ ስለገባህ ነው እስክሪብቶ የያዝኩት። ጽሕፈቴ ላይ እንዳትስቅ።

አሁን እዚሁ ነኝ። ሐይቅ። ከገዳሙ በር ወዲህ፣ ከዛፉ ሥር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ። ጮክ ብዬ ብጠራህ የምትሰማኝ ይመስለኛል፤ መጮህ እንደማያቅተኝ ደግሞ አንተም ሰፈሩም ያውቃል።

የመጣሁት ከኮምቦልቻ በተነሳ የመንፈሳዊ ጉዞ አውቶቡስ ነው። አስተባባሪው ሞላልኝ ይባላል፤ ማይክ ከያዘ የማይለቅ ሰው። ሐረጎን ስንወጣ ገደሉን እዩት፣ እንዴት እንደሚያምር እዩት እያለ ሰውን ያስጨንቃል። እኔ የፈራሁት ሹፌሩም እሺ ብሎ እንዳያይ ነው። ደሴ ስንገባ የአይጠየፍ አዳራሽን ታሪክ ጀመረ፤ ንጉሥ ሚካኤል ግብራቸውን ሳያነሱ ሰኞ ገበያ ደረስን። እዚያ ሰው ልንጭን ቆምን። ብርቱካን የሚሸጡት ልጆች መስኮቱ ድረስ መጡ። እኔ እዚያ ላይ ነው የከፋኝ።

ለምን እንደከፋኝ ልንገርህ። አጎታችን ደሳለው ትናንት አስቀምጦ ለአንተ ደብዳቤ አጽፎኝ ነበር። እናትህን ትንሽ አሟታል፣ ስምህን እየጠራች ነው፣ ሳትውል ሳታድር ድረስ፤ እንዲህ በይ አለኝ። ሞላልኝ ወንድ ስለሆነ ውስጥ ድረስ ይዞልህ ይገባል፣ አንተም ሳትመነኩስ ደንግጠህ ትወጣለህ ማለት ነው። እኔ ይሄን አልጽፍም አልኩት። ሁሌም እንዲህ ነው የሚባለው፣ ወጉ ነው፣ ደግሞ ያ ቤት ወንድ ያስፈልገዋል አለ። እኔ ታዲያ ምንድን ነኝ፣ ቁም ሳጥን ነኝ ወይ አልኩት። ተቆጣ። ሰው ፊት ስለነበር ጻፍኩለት።

ሰኞ ገበያ ብርቱካኑን ሳይ ግን የአባዬ ቀን መጣብኝ። ያኔ እዚያው መለዋወጫ ሱቅ ነበር የምትሠራው። አባትህን ትንሽ አሞታል ብለው ደወሉልህ። ወጉ ነዋ። አንተም በሽተኛ ልትጠይቅ አንድ ፌስታል ብርቱካን ገዝተህ መጣህ። ድንኳኑን ያየኸው ከታክሲው ከወረድክ በኋላ ነው። ሮጬ መጥቼ ስይዝህ ፌስታሉን አልለቅም አልክ። ሰው እያለቀሰ ያቅፍሃል፣ አንተ ብርቱካንህን ይዘህ ቆመሃል። ማንም ቁጭ በል ሊልህ አልደፈረም። በኋላ ሰው ቀለል ሲል ለእኔ ብቻ ያልከኝን አልረሳሁትም። መንገዱን ሙሉ ምን ዓይነት ሾርባ ይሠራለት እያልኩ ነው የመጣሁት አልከኝ። ከዚያ ወዲህ እኮ ነው እንቅልፍ የሸሸህ። እኛ ስንተኛ አንተ ደጃፉ ላይ ተቀምጠህ ነበር የሚነጋልህ። እማዬም አልጋዋ ላይ ሆና ሳልህን እየሰማች ነበር የሚነጋላት።

ደብዳቤውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ቀደድኩት። ሞላልኝ አየኝ። አውቶቡሱ ሙሉ እየሰማ፣ ምነው እህታችን፣ ምን ሆንሽ ብሎ በማይክ ጠየቀኝ። ማይኩን አጥፋና ና ልንገርህ አልኩት። መጣ። ምን እንዳልኩት አልጽፍም፤ የተቀመጥኩት ገዳም አጠገብ ነው። ብቻ ገባው። እስክንደርስ ድረስ ታሪክ የሚባል ነገር ከአፉ አልወጣም። እናቶቹ በእኔ ምክንያት እንደቀረባቸው ሲያውቁ አኮረፉኝ።

በሩ ጋ ስንደርስ ወንዶቹ ገቡ፣ እኛ ቀረን። ሴት ከዚህ አታልፍም። ይሄን ድሮም አውቀዋለሁ፤ ማወቅና በሩ ላይ መቆም ግን ለየቅል ነው። ወንድሜ እዚያ ውስጥ ነው፣ እኔ አፈሩን እያየሁ እዚህ ቆሜያለሁ። ወላሂ እልህ ያዘኝ። አዎ፣ ወላሂ ብያለሁ፤ ከእትዬ ዘሀራ ጋር እየዋልኩ እያደርኩ ምን ልበል?

በሩ ላይ ያሉት አባ ኃይለ ሚካኤል ናቸው። ሳልነግራቸው እህትህ መሆኔን አወቁ፤ አፍንጫችሁ አንድ ነው አሉኝ። አመክሮ ላይ እንደሆንክ፣ ስትጀምርም ዘመድ መጣ ብላችሁ አትጥሩኝ ብለህ ራስህ እንደለመንካቸው ነገሩኝ። ከዚያ ነጠላዬን እንዴት እንዳጣፋሁት አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ከባድ ነገር ከሆነ ይጠራል፣ ልጄ። ከባድ ነው ወይ?"

አፌ ተያዘ። የእኔ አፍ። ቆይ መጣሁ አባቴ ብዬ ጥያቸው ወደ ውሃው ወረድኩ።

ወንዶቹ ቤተ መዘክሩን እስኪያዩ ሴቶቹ በጀልባ ይዙሩ ተብሎ ነበርና አብሬ ተሳፈርኩ። ባለጀልባው ኑርሁሴን ይባላል፣ ጢሙን ሂና የቀባ ሽማግሌ ነው። እንደ ሞላልኝ አይደለም፤ ካልጠየቁት አይናገርም። ሲጠይቁት፣ ገዳሙ ያለበት መሬት ድሮ ደሴት እንደነበረ፣ ውሃው ሲሸሽ ከየብሱ ጋር እንደተያያዘ ነገረን። ድሮ ቢሆን ኖሮ አንተም በጀልባ ነበር የምትገባው። ዳር ዳሩ ላይ ደንገል ነው፣ ነጫጭ ወፎች ይቆሙበታል። ተራሮቹ ተገልብጠው ውሃው ውስጥ ገብተዋል። ወንድምጋሼ፣ ይሄን ያህል የሚያምር ቦታ ነው ብሎ የነገረኝ የለም። ሳልፈልግ ነው ያየሁት። ሲያምር ደግሞ ይብስብኛል ሰሞኑን። ካኮረፉኝ እናቶች አንዷ ውሃውን በእጇ ቀዳችና ፊቴን አበሰችኝ። ምን ሆነሽ ነው አላለችኝም።

ዞር ስንል አየሁህ።

ሦስት ሆናችሁ ሣር ታጭዳላችሁ። ከስተሃል፣ ፀሐዩም አጥቁሮሃል፣ ግን በአረማመድህ ነው የለየሁህ። አንደኛው የሆነ ነገር ተናገረ፣ አንተም ማጭዱን ጥለህ ጉልበትህን ይዘህ ሳቅክ። ድምፅህ ውሃው ላይ መጣ። ያንን ሳቅ ከአባዬ ወዲህ አልሰማሁትም። ከዚያ ዛፉ ሥር ጋደም አልክ፣ ክንድህን ዓይንህ ላይ ጣል አደረግክ፣ ተኛህ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው አጠገብህ እያወራ ተኛህ። አንተ!

ልጠራህ ነበር የመጣሁት። አፌን ከፍቼ ነበር። ኑርሁሴን ማንን እንደማይ ገባው መሰለኝ፣ ልጥራልሽ ወይ፣ የእኔ ድምፅ ይደርሳል አለ። ሞተሩን አጥፋው አልኩት። አጠፋው። ነፋሱ እየገፋን ዝም ብለን አለፍንህ። ኑርሁሴን ወደ እኔ ሳይዞር፣ "አብሽሪ" ብቻ አለኝ።

ከጀልባው ወርጄ በሩ ጋ ተመለስኩ። አባ ኃይለ ሚካኤል እዚያው ናቸው። አልደገሙልኝም፣ ራሴ ነኝ የመለስኩላቸው።

"ከባድ ነው አባቴ። ግን ነገም ያው ነው። ዛሬን ይተኛ።"

ገባቸው። መቋሚያቸው ላይ ተደግፈው የክርስትና ስሟን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። አንድ ነገር ብቻ ለመንኳቸው፤ አሟታል እንዳይሉህ፣ ውጣ እንዳይሉህ፣ እንዲህ አድርግ እንዳይሉህ። እንዳለ እንዲነግሩህ። አጎታችን ሲሰማ ደሙ ይፈላል፤ ይፍላ። የእኔስ ስንት ጊዜ ፈልቶ በርዷል። ልውጣ ብትል ትወጣለህ፣ ልቅር ብትል ትቀራለህ። ቤቱን እኔ እይዘዋለሁ። ሹሩባ ሠርቼ የማድር ሰው ነኝ፤ ያ ቤት አይወድቅም። በእኔ ሐሳብ እንዳይገባህ።

አውቶቡሱ ሄዷል። ሞላልኝ ጥዬሽ አልሄድም ብሎ ሲያስቸግር ኑርሁሴን፣ ባለቤቱ ሰልዋ እንደምታሳድረኝ በአላህ ስም ቃል ሰጥቶ ሸኘው። መሽቷል። ውሃው ጠቁሯል። ከውስጥ ደወል ይሰማኛል፤ አንተም ነቅተህ እየሰማኸው ይሆናል።

ይህን ወረቀት አባ ኃይለ ሚካኤል ነገ ማለዳ ያመጡልሃል። ብቻቸውን አይመጡም። ገና ጎህ ሲቀድ አባቶች ሰብሰብ ብለው ወደ ጎጆህ ሲመጡ ታያለህ። መጀመሪያ ይቺን አንብብ ይሉሃል፤ እኔ ነኝ እንደዚያ ያልኳቸው። እስክትጨርስ ቆመው ይጠብቁሃል።

እግዚአብሔር ልብህን ይደግፍልህ። ጉልበትህን ያጽናልህ። የአባቶች ጸሎት አይለይህ። ለእኔም ትንሽ ትዕግሥት ለምንልኝ፣ እዚያ ውስጥ ከተረፋቸው።

አሁን ጨርሰሃል። ቀና በልና እያቸው። ቁጭ በል ሲሉህ ቁጭ በል። እኔ በሩ ላይ ነኝ፣ ከጠዋት ጀምሮ፣ እስክትመጣ።

ታናሽ እህትህ