የማይጋገረው ብስኩት

ለተከበርከው፣ ለተፈራኸው፣ ባሕር ማዶ ሆነህ ጓዳችንን በስልክ ለምታስተዳድረው ወንድም ጋሼ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ያ ጉልበትህ ደረጃ ስትወጣ አሁንም ያስቸግርሃል ወይስ እሱንም አዘህ ጸጥ አሰኘኸው? እንቅልፍስ ይወስድሃል? ሥራ እንዴት ይዞሃል? ባለቤትህ ደህና ናት? ልጆቹስ? ትንሿ ጥርሷ ሊወልቅ ሲል ስታለቅስ ነበር፤ አዲሱ በቀለላት? ሰላምታዬ ለሁላችሁም ይድረስ፤ መንገድ ላይ ከቀዘቀዘ አሙቃችሁ ተቀበሉት። እኛን ከጠየቅህ፣ አክስታችን ደህና ናት፤ ምላሷም ደህና ነው። እኔም ቆሜ እሄዳለሁ። የአባባን ነገር ግን በአንድ ቃል መመለስ ስላቃተኝ ወረቀት ገዛሁ።

ለምን አልደወለችም ትል ይሆናል። ስልክ ስናወራ አባባ ከጎኔ አይጠፋም። ደግሞም በስልክ አንተ ትናገራለህ፣ እኔ "እሺ" እላለሁ፣ ከዚያ ይዘጋል። ወረቀት ግን ቢያቋርጡት አይቋረጥም። ስለዚህ ወንበር ሳብ አድርገህ ተቀመጥ፤ ዛሬ ተራው የእኔ ነው።

ከሥሩ ልጀምርልህ። አባባ ፎርኖው ፊት ተቀምጦ እንቅልፍ ሸለብ ያደረገው ቀን፣ ፍም ወድቆ የማገዶውን ክምር ያዘ። እሳቱን በባልዲ ውሃ አጠፋነው። ወሬውን ግን ማጥፋት አልተቻለም። አክስታችን በአጥር ላይ አይታ ላንተ አቀበለች፤ እንዴት አድርጋ እንዳሳደገችው እንጃ፣ አንተ ዘንድ ሲደርስ ሰፈሩ በሙሉ ነዶ ነበር። ወዲያው አዋጅ ወጣ፦ ዳቦ ቤቱ ይዘጋ፣ ፎርኖው አይለኮስ፣ አንድ ጊዜ ከተለኮሰ ደግሞ ይፍረስ። ዕድሜውን ሙሉ ሰፈሩን ያበላ ሰው "እሺ ልጄ" ብሎ ሽርጡን አጣጥፎ አልጋው ሥር ከተተ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ተነስቶ ይለብሳል፣ በሩ ላይ ይቆማል፣ የሚሄድበት የለውምና ተመልሶ ይቀመጣል።

ከአዋጁ በኋላ ካሳው መጣ። በሰው እጅ የላክኸውን ካርቶን ከፈትን፤ አንድ ፓኬት አጃ፣ በቆርቆሮ ካካዋ፣ በጠርሙስ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ አንድ ጥቅል የመጋገሪያ ወረቀት። ቀጥሎ የባለቤትህ ቪዲዮ ስልኬ ላይ ገባ። ፈገግ ብላ፣ ይህ ብስኩት ፎርኖ አይፈልግም፣ ዱቄት አይፈልግም፣ ሙያም አይፈልግም ትላለች። አንተም ከሥሩ "ይህን እየበላ ዳቦውን ይረሳል" ብለህ ጻፍክልኝ። አባባ ቪዲዮውን አላየም፤ አጃውን ብቻ አገላብጦ "ፈረስ ልትገዙ ነው?" አለኝ። የቁርስ ነው አልኩት። "የማን ቁርስ?" አለኝ። ለእንዲህ ያለ ሰው የማይጋገር ብስኩት ልሠራልህ ነው ብዬ ብነግረው የሚያወርድብኝን ስለማውቅ አፌን ዘጋሁ። ሠርቼው፣ ጠንክሮ፣ አፉ ከገባ በኋላ ልነግረው አሰብኩ።

ማክሰኞ ዕለት ፀጉሩን ሊቆረጥ ሲወጣ ሥራ ጀመርኩ። ወተቱን፣ ስኳሩን፣ ቅቤውንና ካካዋውን በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ አፈላሁ። ትንሽ ሲንተከተክ አወረድኩት፣ የኦቾሎኒውን ቅቤና አጃውን ጨምሬ አማሰልኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ መልኩ የክረምት ጭቃ ነው፤ ሽታው ግን ጎረቤት ይጠራል። በአባባ ትልቅ ትሪ ላይ የመጋገሪያ ወረቀቱን አንጥፌ በማንኪያ እየቆነጠርኩ ደረደርኩት። እስኪጠነክር ጠረጴዛው ላይ ትቼው ሳሙና ልገዛ ወጣሁ።

እስቲ አሁን ፍረድ። አንድ ዳቦ ጋጋሪ ፀጉሩን ተቆርጦ ቤቱ ይገባል። በገዛ ትሪው ላይ፣ በመጋገሪያ ወረቀት ላይ፣ ርጥብ ብስኩት ተደርድሮ ያያል። ልጁ የለችም። ምን ያደርጋል? አንተ ብትሆን ትደውላለህ። እሱ ግን አልጋው ሥር ገብቶ ሽርጡን አወጣ።

ስመለስ ከጭስ ማውጫው ጭስ ይወጣል። እየሮጥኩ ገባሁ። አባባ ፎርኖው አፍ ላይ ነበር፤ ተቀምጦ እንዳይመስልህ፣ ቆሞ፣ ዓይኑን ሳይነቅል። ገና ሲያየኝ "አንቺ ዝርክርክ! አባትሽ ጋጋሪ ሆኖ ብስኩት ጥሬውን ጥለሽ ትጠፊያለሽ?" ብሎ ጮኸብኝ። ደስ ብሎት ነው የሚቆጣው። ቁጣው ናፍቆኝ ኖሯል። ከዚያ ትሪውን ሲስብ ብስኩት የሚባል ነገር የለም። ቀልጦ፣ ፈስሶ፣ ስኳሩ ከሰል ሆኗል። "ምን አድርገሽው ነው? ይሄ ነገር ዱቄት አይቶ አያውቅም እንዴ?" አለ። አያውቅም፣ የሚጋገር አይደለም፣ እንዲሁ ነው የሚደርቀው አልኩት። "ጭቃም እንዲሁ ይደርቃል" አለኝና ሳቅን። እውነቴን ነው፣ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ነገሩ እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ለጨዋታ ነበር።

አክስታችን ግን በአጥር ላይ ጭሱን አይታለች፣ የብስኩቱንም ነገር ሰምታለች። ውሃ ከመጥራቷ በፊት አንተን ጠራች። ስልኩ ጮኸ፤ አባባ ሁላችንም እንድንሰማህ ድምፁን ከፍ አደረገው። ምን ተፈጠረ ብለህ አልጠየቅህም። እንዲህ ነው ያልከው፦ "አባባ፣ እንዳትለኩስ ተብለህ አልነበር? ብስኩቱ እንደማይጋገርስ ነግራህ የለም? ረስተኸው ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ነው፣ አይዞህ።" ያችን "አይዞህ" የት እንደማስቀምጣት እስካሁን ቦታ አላገኘሁላትም። እኔ ከጎን አልነገርኩትም እያልኩ ስጮህ፣ "አንቺ ደግሞ አትሸፋፍኚለት" ብለህ ዘጋህ።

ከዚያ በኋላ አባባ አልሳቀም። "ነግረሽኝ ነበር?" አለኝ። አልነገርኩህም አልኩት። "ለእኔ ብለሽ አትዋሺ፣ ልጄ" አለኝ። ቪዲዮውን ከፍቼ አሳየሁት። ዓይኑን አጥብቦ እስከ መጨረሻው አየውና "ይሄ እኮ ከመጋገሩ በፊት ያለው ነው፤ የቀረውን ቆርጠውታል" አለ። ዕድሜ ልኩን ሊጥ ሲያበስል የኖረ ሰው፣ እሳት ሳያየው የሚበላ ብስኩት አለ ከሚሉት ይልቅ አእምሮህ ከድቶሃል ቢሉት ማመን ይቀለዋል። ያውም የነገረው አንተ ነህ። አንተ ያልከውን እኔ ማስተባበል አልችልም፤ አንተ ሩቅ ነህ፣ እኔ ቅርብ ነኝ፣ እዚህ ቤት የሚታመነው ደግሞ ሩቅ ያለው ነው።

ሠርቼ እንዳላሳየው አጃው አልቋል። በማግስቱ ጠዋት ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ፤ ባለሱቆቹም የፈረሴን ጤና ጠየቁኝ። በመጨረሻ መድኃኒት ቤት ውስጥ፣ ከሕፃናት ምግብ ጎን ተደርድሮ አገኘሁት። ፓኬቱን ይዤ እየሮጥኩ ግቢ ስገባ ግንበኛው የፎርኖውን ጉልላት አውርዶታል። አባባ ራሱ ሄዶ ጠርቶታል። ግንበኛው ኋላ እንደነገረኝ፣ "ጋሼ፣ እውነት ይፍረስ?" ብሎ ደጋግሞ ጠይቆት ነበር። አባባም "ልጄ አዟል፤ ልክ ነው። የነገሩትን የማያስታውስ ሰው እሳት አጠገብ አይቆምም" ብሎታል። ጡቡን እየተቀበለ ከአጥሩ ሥር ይደረድር ነበር፤ ልክ ዳቦ እንደሚደረድር፣ ጎን ለጎን፣ እንዳይጨፈላለቅ ተጠንቅቆ። ውስጠኛው ጡብ ገና ለብ ይል ነበር። ነክቼዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ዓይኑ እያየ እንደገና ሠራሁት። ወንበር አምጥቶ ትሪው ፊት ተቀመጠ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ሳይንቀሳቀስ። ብስኩቱ ወዙ ጠፋ፣ ጠነከረ። አንዱን አነሳ፣ ገልብጦ ሥሩን አየ፣ በጣቱ መታ መታ አደረገው፣ ገመጠ። "ታዲያ እኔ አልረሳሁም ነበራ" አለ። አልረሳህም አባባ አልኩት። የቀረውን ጎርሶ እስኪውጥ ድረስ ወደ ግቢው ሲያይ ቆየና፣ "ለወንድምሽ እንዳትነግሪው። ይከፋዋል" አለኝ።

እኔ ይኸው ነገርኩህ።

ለባለቤትህ ሰላም በልልኝ፤ ብስኩቱ በእርግጥ ይጣፍጣል፣ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ትልቁን ልጅ ግንባሩን ሳምልኝ፤ ትንሿን ደግሞ አዲሱን ጥርሷን እንድታሳይህ ጠይቃት፣ አይተህም ጻፍልኝ። አክስታችን ሰላም ብላሃለች፤ መቼም ከደብዳቤዬ ቀድማ ሳትደውልልህ አትቀርም። አባባ ጉልበትህን ብርድ እንዳታስመታው ብሏል። ሌላ ምንም አላለም። አንብበህ ስትጨርስ ከከፋህ፣ ደብዳቤው በደህና ደርሷል ማለት ነው።

ታናሽ እህትህ

ከአባባ ቤት፣ ቅዳሜ፣ ወሩ በገባ በዘጠኝ